ተሠርቶ የሚጠብቀው ሥራ

«ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው» ሲል ሰማችው። ሊቀመንበሩ በረንዳው ላይ ቆሞ በስልክ እያወራ ነበር። ሚስቱ ገና ከታች መውጣቷ ነው፤ ወጥ ቤት ገብታ እጇን ልትታጠብ የቧንቧውን እጀታ እንደያዘች ቀረች። «አዎ፣ አትክልተኛው። ከመስኮቴ አየዋለሁ እኮ። ሥራውን ማን እንደሚሠራለት እንጃ፣ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ መቀሱን ይስላል። የለም፣ የለም፣ ጭካኔ አይደለም። እንዲያውም ለእሱ ብለን ነው። በቃ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንጨርሰዋለን።» ሚስትየዋ ቧንቧውን ሳትከፍት እጇን አየች። ጥፍሯ ሥር አፈር ነበር።

አፈሩ የግቢው አፈር ነው። ሰው ሳይነቃ ሹራቧን ደርባ ትወርድና ከበሩ ግራና ቀኝ ካሉት መደቦች አረሙን ነቅላ፣ የረገፈውን ቅጠል ለቅማ፣ ማንም ሳያያት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ሰንብታለች። ከፖስታ ቤት ሥራዋ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ ሰው ስለነበረች አትክልተኛውን የምታውቀው በሰላምታ ብቻ ነበር። እቤት መዋል ስትጀምር ግን ሥራ ላይ አየችው። ሁለት እግሮቹን በልጅነቱ ልምሻ ወስዶበታል። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ መቀመጫው ሥር አስሮ፣ በሁለት እጁ መሬቱን እየገፋ ነው ከመደብ ወደ መደብ የሚሄደው። ድሮም እንደዚሁ ነበር የሚሠራው፤ አዲሱ ነገር የእሷ ማየት ነው። አንድ ዝናባማ ቀን ጭቃ እስከ ወገቡ ደርሶ ስታየው ምሳ መብላት አቃታት። በማግስቱ ማለዳ ወርዳ ሥራውን ሠራችለት። እንዳያፍር ብላ ለማንም አልተናገረችም፣ ለባሏም ቢሆን። ባሏ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ እቤት ውስጥም ያለ አጀንዳ አይናገርም፤ እሷ ደግሞ አጀንዳ ማስያዝ አትወድም።

ቁርስ ላይ ስለ ስልኩ አንዳቸውም አላነሡም። ሳሎናቸው ጠባብ ናት። ሁለቱ የምርቃት ፎቶግራፎች፣ ከልጆቹ ክፍል የወጣው ትልቅ ጠረጴዛና ማንም የማይቀመጥባቸው አራት ወንበሮች ሞልተዋታል። እሱ ዳቦው ካለፈው ሳምንት ማነሱን፣ ዋጋው ግን አለመቀነሱን አነሣ። እሷ ስኳር መጨመሩን ነገረችው። እሱም ሰምቻለሁ አለ። ልጆቹ አግብተው ከወጡ ወዲህ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል የቀረው ወሬ የገበያ ወሬ ነው፤ ዋጋ ባይጨምር ኖሮ ምን ያወሩ እንደነበር እንጃ። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ሰውየውን ከሥራ ሊያስወጡት እንደሆነ ገብቷታል፤ የሚያስወጣው ምክንያት ደግሞ የእሷ ሥራ መሆኑ የበለጠ ገብቷታል።

አትክልተኛው ባሏ እንዳለው ግድግዳውን ተደግፎ መቀሱን ይስል ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። የግቢው ቁጥቋጦ አጥር ሁሉ የተከረከመው ተቀምጦ እጁ እስከሚደርስበት ነው፤ አጥሩ አጠረ ያለውን ሰው ሁሉ «እርስዎ ናቸው የረዘሙት» ብሎ ይመልሳል። እሷን ሲያይ መቀሱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ?»

«ደህና ነኝ። ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» አለችና ገና ከአፏ ሲወጣ ራሷን ጠላች።

«ሥራማ ተሠርቶ ይጠብቀኛል» አለ። «እኔ ስደርስ መሬቱ ርሷል፣ አረሙ ተነቅሏል። አንዳንድ ቀን አበባዬም አብሮ ተነቅሏል። ያቺን ጽጌረዳ አዩዋት? ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ። ሥሯ በስብሷል።»

እሷ ውሃ አጠጥታ አታውቅም። ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። አትክልተኛው ቀጠለ። ቀድሟቸው ሊደርስ ፈልጎ በጨለማ ከቤቱ የወጣበት ጊዜ ነበር፤ ግን የማለዳው አውቶቡስ ሠራተኛ የጫነ፣ የቸኮለ ነው፣ እሱን አንሥቶ ለማሳፈር የሚቆም የለም። የሚቆምለት ሁለተኛው ነው። በሁለተኛው ሲደርስ ደግሞ ሁሉ ነገር አልቋል። ይህን ሁሉ ሲናገር ቅሬታ አይመስልበትም፣ የሰው ታሪክ እንደሚያወራ ነው።

«እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ?» አለችው።

«አላውቅም፣ እትዬ» አለ መቀሱን እያየ። እሷ ጣቶቿን አጥፋ ጥፍሯን ደበቀች። የሚያውቅ መሰላት።

«ታዲያ ተዉልኝ አትልም?»

«ምን ብዬ? ክፉ ቢሆኑ እኮ እጣላቸው ነበር።»

ከዚያ ጋሼ ከሰዓት በኋላ እንዲቆይ እንደነገሩት፣ ጥሩ ነገር ነው እንዳሉት አጫወታት። ጋሼ የሚለው ባሏን ነው። ምናልባት ረጅም የውሃ ጎማ ሊገዙለት እንደሆነ ገምቷል፤ ባልዲ ይዞ መንፏቀቅ ጊዜ እንደሚፈጅበት ባለፈው ዓመት ተናግሮ ነበርና። ሚስትየዋ ልትነግረው ፈልጋ ነበር። «ይሆናል» ብላው ሄደች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ለምን እንዲያ እንዳለችው አታውቅም ነበር።

ልብስ ሰፊው ሱቁን ከፍቶ ብረቱን እያጋለ ነበር። ሱቁ ምድር ቤት፣ መንገዱን ፊት ለፊት ይዞ ነው ያለው። እግር ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ግድግዳው ላይ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ሱሪዎች፣ ጥግ ላይ የማትዘጋ ሬዲዮ። አንዲት ሴት ለዚፕ ቅያሪ የጠየቃት ዋጋ በዝቶባት ስትከራከር ቆይታ ወጣች። ሚስትየዋ ነገሯን ሳታዞር ጠየቀችው፤ አትክልቱን ማታ ማታ የምታጠጣው አንተ ነህ ወይ አለችው። ልብስ ሰፊው እንደ ተያዘ ሌባ ሳቀ። አዎ፣ ሱቁን ከዘጋ በኋላ ነው፣ ሰው ሳያይ። ሰውየው ባልዲ እየገፋ ሲንፏቀቅ እያየ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? ጠዋትም እንደሚያጠጡለት ስትነግረው ደነገጠ። «ጠዋት ደግሞ ማን ያጠጣል?» አለ፣ መልሱን ግን አልጠበቀም። «ይሁን፣ ዛሬ ያልቃል። ይችን ይመልከቱልኝ» ብሎ ከማሽኑ ሥር አንድ ኮት አወጣ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥሩ ጨርቅ ነው። የሰፋው በዓይኑ ለክቶ ነው፤ መሬት ላይ እንዳይጎተት ከኋላ አሳጥሮ፣ እጅጌው ሥር ደግሞ ሰፋ አድርጎታል። ለአትክልተኛው ነው። ሐሳቡም የራሱ የልብስ ሰፊው ነው። ሰውየው በቃው፣ ዐረፍ ይበል፣ ደመወዙን ከየቤቱ አዋጥተን እንስጠው፤ ሣሩን በማሽን የሚያጭዱ ሰዎች በወር ሁለቴ መጥተው ሠርተው ይሄዳሉ። ጋሼ ሐሳቡን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ባለቤትዎ እኮ ሆደ ቡቡ ናቸው አላት። ሚስትየዋ ኮቱን በእጇ ዳሰሰችው። ይህን ነገር ትናንት ቢነግሯት ኖሮ እሷም ታለቅስ ነበር፣ ፊርማዋን ከሁሉ ቀድማ ታኖር ነበር። አሁን ግን ግድግዳ ተደግፎ የውሃ ጎማ የሚጠብቀውን ሰው አይታ መጥታለች።

ጠዋት የምታጠጣው ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ሆና ተገኘች። ከአዳር ሥራዋ ስትመለስ ደረጃውን ከመውጣቷ በፊት ሁለት ባልዲ ታፈሳለች። ዓይኗ ቀልቶ፣ ጫማዋን በአንድ እግሯ እንዳጠለቀች በሩ ላይ ቆማ ሰማቻትና «እትዬ፣ ሰውየው መቀመጫው ሊቆስል ይችላል እኮ፣ እኔ ስንቱን አይቻለሁ» አለች። ቆስሏል ወይ ስትላት አላየሁም አለች። ጠይቀሽዋል ስትላት ደግሞ «ምኑን?» አለች፣ እውነቷን ነው፣ ጥያቄው ራሱ አልገባትም። ለመዋጮው ፈርማለች። ሚስትየዋ ተይው ተኚ ልጄ ብላት ወረደች። እያንዳንዱ ለብቻው፣ ከሌላው ተደብቆ፣ ብቸኛው ደግ ሰው እኔ ነኝ ብሎ ሲሠራ የሰውየውን ቀን ጨርሰውበታል። እሷ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ነው የጀመረችው። ይህን ስታስብ ደረጃው መሐል ቆመችና ጣውላ መደገፊያውን ይዛ ትንሽ አለቀሰች።

ምሳ ላይ ሳህኑን አቀረበችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሊቀመንበሩ ከሳህኑ ጎን ንግግሩን የጻፈበትን ወረቀት ዘርግቶ በእስክሪብቶ እያረመ ይጎርሳል። በሌላ ቀን ቢሆን ስለ ዘይት ዋጋ ታነሣ ነበር።

«ስብሰባው ስለ አትክልተኛው ነው አሉ» አለች።

«ማን አለሽ?»

«ጆሮ አለኝ።»

ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገና አስረዳት። ሲያስረዳ ድምፁ ይለሰልሳል፣ እውነትም ደስ ብሎት ነበር። ይህ ሕንፃ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም። ሰውየው ከዛሬ ጀምሮ ጭቃ ላይ አይንፏቀቅም። እቤቱ ቁጭ ብሎ ደመወዙ ይደርሰዋል። «ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?» አላት፣ ምስጋና የሚጠብቅ ፊት ይዞ።

«አንተስ?» አለችው። «ጡረታህ እኮ እቤትህ ይደርስህ ነበር። ስንት ጊዜ ተቀመጥክ?»

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን ከደነው። ጡረታ የወጣ ሰሞን ፒጃማውን ሳያወልቅ ይውል እንደነበር፣ ማታ ማታ የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ያገላብጥ እንደነበር፣ አንድ ቀን ደግሞ ሳሎን ውስጥ ቆሞ «ምን ላድርግ?» ብሎ እንደጠየቃት ሁለቱም ያውቃሉ። የኮሚቴ ምርጫ ሲመጣ ስሙን ይዛ የሄደችው እሷ ነበረች። ስለዚያ ጊዜ ግን አውርተው አያውቁም። ሳህኑን ወደ ፊት ገፋ፣ ወረቀቱን አነሣ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። የተቆጣ ሰው እንኳ ቢሆን በሩን ወርውሮ መሄድ አይሆንለትም።

ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ስለምትመታ ወንበሮቹ የተደረደሩት ከሕንፃው ጀርባ፣ ውሃ ማጠራቀሚያው ጎን ነበር። ይህን ቦታ የማንም መስኮት አያየውም። ግንቡ እስኪቀባ ድረስ ታጥሮ ከርሞ ትናንት ነው የተከፈተው፤ ግንቡን ተከትሎ የሚሄደው ረጅም መደብ አረም ውጦታል። ከየቤቱ ሰው ወረደ። አትክልተኛውን ሁለት ጎረምሶች ብብቱን ይዘው አንሥተው ከፊት ለፊት የክብር ወንበር ላይ አስቀመጡት። ወንበሩ ባለ ክንድ አልነበረምና እንዳይወድቅ በሁለት እጁ ጠርዙን ይዟል። ሊቀመንበሩ ከመደቡ ጫፍ፣ አረሙ ላይ ቆሞ ንግግሩን አነበበ። ጥሩ ንግግር ነበር። ደመወዝ፣ ዕረፍት፣ ክብር የሚሉ ቃላት በየቦታቸው ገብተዋል። ጭብጨባው ሞቀ፤ ልብስ ሰፊው ኮቱን አምጥቶ አለበሰው፣ ልክክ አለ። አራተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ዓይኗን ጠረገች። ብዙ ከንፈር ተመጠጠ።

አትክልተኛው ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀ። «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ።

«ምንም አላጠፋህም።»

«ታዲያ ለምን ታስወጡኛላችሁ?»

«ማን አስወጣህ? ደመወዝህ እኮ እንዳለ ነው።»

«ደመወዜ አለ፣ ሥራዬ የለም» አለ አትክልተኛው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ የኋላዎቹ ለመስማት ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «ልጄን ትምህርት ቤት አባትሽ ምን ይሠራል ሲሏት አትክልተኛ ነው ትላለች። እኔ ፊት ጠይቀዋት ሰምቻታለሁ፣ ቀና ብላ ነው የምትለው። ከነገ ጀምሮ ምን ትበል? ጎረቤት ያዋጣለታል ትበል?»

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና ወንድማችን ድንገት ስለሆነበት ነው፣ ሲያድር ይገባዋል አለ። ይሄን ጊዜ ሚስቱ ከኋላ ተነሣች። ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም።

«እኔ አላዋጣም» አለች። «ከጡረታዬ አንድ ሳንቲም አልሰጥም። ይሥራና ደመወዙን ይውሰድ። ማለዳ ማለዳ አረሙን እየነቀልኩ ሥራ ፈት ያስመሰልኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎችም አላችሁ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ።»

ሁሉም ዞሮ አያት። አራተኛ ፎቋ ሴትዮ «ምነው እትዬ፣ ልብዎ እንዲህ ድንጋይ ነበር እንዴ?» አለች፣ እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ ነበር። አንድ ሰው ከጎን «የሊቀመንበሩ ሚስት ሆና!» ሲል ተሰማ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ደም መሰለ። እሷን ሳያይ፣ ወረቀቱን እያየ፣ ሥራው ይቀጥል የሚል እጁን ያውጣ አለ። እሷ አወጣች። ግራ ቀኟን አየች፣ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ልታወርደው ፈለገች፣ አላወረደችውም።

አትክልተኛው ኮቱን አወለቀ። አጥፎ፣ መታጠፊያውን በእጁ አስተካክሎ ለልብስ ሰፊው መለሰለትና «እጅህ ይባረክ፣ ለብሰነው የምንሄድበት ቀን ይመጣል» አለው። ከዚያ በሁለት እጁ ተደግፎ ከወንበሩ ወረደ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይሄን መደብ ዛሬ ልጀምረው አስቤ ነበር» አለና ከሩቁ ጫፍ ያዘው።

ነርሷ ብድግ አለች። ሚስትየዋ ባልተነሣው እጇ ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት።

«ተቀመጪ፣ ልጄ።»

«እትዬ፣ አላስችል አለኝ እኮ።»

«እኔንም አላስቻለኝም። ተቀመጪ።»

ማየት ከባድ ነበር። በግራ እጁ መሬቱን ተደግፎ በቀኙ ይነቅላል፣ አፈሩን ያራግፋል፣ አረሙን ከኋላው ይከምራል፣ ከዚያ ሰውነቱን በሁለት እጁ አንሥቶ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ፈቀቅ ሲል ከደረቱ የሚወጣው ትንፋሽ ይሰማል። አንዳንዱ ሰዓቱን እያየ ሄደ፤ አራተኛ ፎቋ ሴትዮም እያጉረመረመች ወጣች። የቀሩት ግን መሄድም ማገዝም አቅቷቸው ተቀመጡ። መጀመሪያ ሁሉም መሬት መሬት ያዩ ነበር። እየቆየ አንድ በአንድ ቀና አሉ። አንድ ቦታ ላይ አትክልተኛው ከአረሙ መሐል የበቀለ የአበባ ችግኝ አገኘና ዙሪያውን በጣቱ አስተካክሎ ለራሱ የሆነ ነገር አለ፤ ጥርሱ ታየ። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ኮቱን ጭኑ ላይ እንዳደረገ እጁን አነሣ። ነርሷ አየችውና እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ እሷም አነሣች። ከኋላ ሌሎች ተነሡ፣ ሁሉም አይደሉም። ሚስትየዋ ክንዷ ዝሎ በሌላው እጇ ደግፋው ነበር፤ ዓይኗ ባሏ ላይ ነው።

ሊቀመንበሩ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። የተነሡትን እጆች አየ፣ አልቆጠራቸውም። አትክልተኛው እየነቀለ፣ ፈቀቅ እያለ፣ መደቡን ጨርሶ የሊቀመንበሩ ጫማ ሥር ደረሰ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ስለነበር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ላይ አየው።

«ጋሼ» አለ፣ «የቀረኝ እርስዎ የቆሙበት ነው።»

ሊቀመንበሩ ወደ እግሩ አየ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሲሚንቶው ተሻገረለት።